ከአልጋው በፊት ሸራው

ልጃችሁ አንድ ቀን እራት ላይ «በጥር ወር ተራራ ወጥቼ፣ በሁለት ዛፎች መካከል ተንጠልጥዬ ማደር እፈልጋለሁ» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? እኔ የመለስኩትን ልንገራችሁ። «ውጭ የሚያድረው ቤት የሌለው ሰው ነው። ለዚህ ቤት በየወሩ ስንት እንደምከፍል ታውቃለህ?» አልኩት። ባለቤቴ ደግሞ ጭልፋውን እንደያዘች «ኧረ የጌታ ያለህ!» ብላ ቀረች።

ልጄ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ቨርጂኒያ ነው። ምናልባት በእናንተም ቤት እንዲሁ ይሆናል፤ በእኛ ቤት የአባትና የልጅ ጨዋታ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ መጥቶ፣ በመጨረሻ «እሺ»፣ «ኖ» እና «በኋላ» የሚሉ ሦስት ቃላት ብቻ ቀርተውት ነበር። ያን ማታ ግን ልጁ ስለዚህ ተንጠልጣይ አልጋ ሩብ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ አስረዳን። እኔ የሰማሁት ስለ ብርዱ ብቻ ነው። እናቱ ግን ሌላ ነገር ሰምታ ኖሯል። ልጁ ወደ ክፍሉ ከገባ በኋላ «አንተ ሰውዬ፣ ይህ ልጅ እንዲህ ካወራን ስንት ጊዜው ነው? ስለ ብርድም ቢሆን ያውራ እንጂ! አብረኸው ሂድ» አለችኝ። በአርባ ስምንት ዓመቴ ዛፍ ላይ ተንጠልጥዬ ያደርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አልጋው ሃማክ ይባላል። ሁለት ጫፉ በሁለት ዛፎች ላይ ታስሮ፣ የተኛበትን ሰው እንደ አንቀልባ አቅፎ የሚይዝ ጨርቅ ነው። ጥንት የካሪቢያን ደሴቶች ነዋሪዎች ይተኙበት ነበር። ኮሎምበስና መርከበኞቹ እ.ኤ.አ. በ1492 እዚያ ሲደርሱ አዩት፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ ገባ። ስሙም የመጣው ከእነዚያው ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ልብ በሉ፤ አልጋው የተሠራው ለሞቃት አገር ነው። ከመሬቱ እርጥበት ያርቃል፤ ከሥሩም ነፋስ ስለሚያልፍ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ሙቀት ባለበት ወራት በረከት የሆነው ይኸው ነፋስ በክረምት ጠላት ይሆናል። ክረምት ስል የአገራችንን የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ማለቴ ሳይሆን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን የአሜሪካን የበረዶ ወራት ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት

የሄድነው ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነበር። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመ ሲሆን ከዋሽንግተን ዲሲ 75 ማይል ያህል ይርቃል። በተራሮቹ ጀርባ ላይ 105 ማይል የሚረዝመው ስካይላይን ድራይቭ የተባለው መንገድ ይጓዛል። ከፍተኛው ጫፍ ሃክስቢል 1,235 ሜትር ገደማ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ሳቅሁ። «አዲስ አበባ የዚህን እጥፍ ያህል ከፍታ ላይ ነች። ይሄ ምኑ ተራራ ነው?» ብዬ ቀለድኩ። ቀልዴ የቆየው ግን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ብቻ ነበር።

ዕቃውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ከአንድ ሱቅ ሃማክና ሸራ አንድ ላይ ታሽጎ በርካሽ ዋጋ አገኘሁና ሁለት አነሣሁ። ስለ ሸራው ማንንም አልጠየቅሁም፤ አልለካሁትምም። የማደሪያ ፈቃዳችንን አውጥተን፣ ከመኪናው አንድ ማይል ያህል በእግር ሄደን ስንደርስ መሽቶ ነበር። ደክሞን ስለነበር በመጀመሪያ አልጋዎቹን አሰርን፤ የመኝታ ከረጢቶቹን ዘረጋን፤ እኔም ከቤት ያመጣሁትን ጋቢ ደረብኩ። ሸራዎቹን ግን «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ምን ያስቸኩለናል?» ብዬ ከላይ ላላ አድርጌ ጣል አደረግኋቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ ነፋስ ተነሣ። ከኋላው በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ተከተለ። የልጄ ሸራ እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ቆይቶ አንዱ ካስማ ተነቀለ። በጨለማ፣ በደነዘዘ ጣት ቋጠሮ ለመፍታት ስታገል፣ ውሃው አልጋው የተንጠለጠለበትን ማሰሪያ ተከትሎ ወደ ውስጥ ይወርድ ነበር። ጋቢዬ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ። ጥጥ ደረቅ ሲሆን ያሞቃል፤ ከራሰ በኋላ ግን የሰውነትን ሙቀት እየመጠጠ ይወስዳል።

«ደህና ነህ?» ብዬ ጠራሁት። መለሰልኝ፤ ነገር ግን ምላሱ እንደ ሰከረ ሰው ተሳሰረ። ይንቀጠቀጥ ነበር። የጫማውን ክር ማሰር አቃተው። ወላጆች ሆይ፣ ይህን ምልክት እወቁት። የሰው ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረድ ሲጀምር አንደበት ይተሳሰራል፤ እጅ አልታዘዝ ይላል። ብርዱ ሳይለቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ ደግሞ ተሽሎት ሳይሆን ብሶበት ነው፤ ወዲያውኑ የአስቸኳይ እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል። የልጄ ገና እዚያ አልደረሰም ነበር። የራሰውን ልብስ አስወልቄ፣ ከቦርሳዬ ሥር የነበረውን ደረቅ ሹራብና ጃኬት አልብሼ፣ ዕቃውን ሁሉ እዚያው ትተን፣ እጁን እንደ ሕፃን ይዤ ወደ መኪናው መለስኩት። ማሞቂያውን ከፍቼ በፔርሙዝ የነበረውን ጣፋጭ ሻይ አጠጣሁት።

አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ አንደበቱ ተፈታ። የመጀመሪያ ቃሉም ይህ ነበር፦ «አባዬ፣ ሸራ ማሰር አልችልም ብትለኝ ኖሮ አብረን እንማር ነበር እኮ።»

ዝም አልኩ። የከፋው ነገር ይህ ነበርና። ሸራ ማሰር እችል ነበር።

ሸራ ስትመርጡ

ልጄ ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን በሳምንቱ ሜትር ይዞ ጓሮ ወጣ። በዚያን ጊዜ የተማርነውንና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የፈተንነውን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ርዝመቱን ለኩ። የእኛ ሃማክ ጨርቁ 3.3 ሜትር ቢሆንም ሲንጠለጠል ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። የገዛሁት ሸራ ግን 2.5 ሜትር ብቻ ነበር! አልጋው በራስጌም በግርጌም ወደ ውጭ ተርፎ ነበር ማለት ነው። ሸራው በእያንዳንዱ ጫፍ ከአልጋው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ማለፍ አለበት። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ አልጋ ከ3.4 እስከ 3.7 ሜትር የሚረዝም ሸራ ፈልጉ። ወርዱም 3 ሜትር ያህል ቢሆን በግራና በቀኝ ወደ መሬት ወርዶ ግድግዳ ይሆንላችኋል።

ቀጥሎ ቅርጹን ተመልከቱ። አራት ማዕዘን ሆኖ በሰያፍ የሚዘረጋው ትንሽ ሸራ ለጸጥተኛ ዝናብ ይበቃል፤ ለክረምት ግን አይሆንም፤ ጎኑን ለነፋስ ይሰጣልና። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ይሻላል፤ ቀላልም ነው። ለበረዶ ወራት የሚመረጠው በአራቱ ማዕዘን መዝጊያ ያለው ነው። መዝጊያዎቹ እንደ በር ተጋጥመው ራስጌውንና ግርጌውን ይዘጋሉ። ነፋስ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚመጣ ማንም ሊያረጋግጥላችሁ አይችልምና መዝጊያው ዋጋ አለው።

ሦስተኛው ጨርቁ ነው። በየሱቁ የምታገኙት ሰማያዊ የላስቲክ ሸራ ርካሽ ነው፤ ውሃም አያስገባም። ነገር ግን ይከብዳል፤ በነፋስ ይንኳኳል፤ በጠርዙ ያሉት የብረት ቀለበቶችም ሲወጠሩ ይገነጠላሉ። አቅም ከሌለ ግን ትልቅ የላስቲክ ሸራ ከትንሽ ውድ ሸራ ይሻላል። ሲሊኮን የተቀባ ናይሎን ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ችግሩ ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ የወጠራችሁት ሌሊት ረግቦ ፊታችሁ ላይ ይወርዳል። ሲሊኮን የተቀባ ፖሊስተር ግን እርጥበት ብዙም ስለማያረግበው እኛ የመረጥነው እሱን ነው። ዳይኒማ የሚባለውም አለ፤ ከሁሉ ይቀላል፤ አይለጠጥም፤ ዋጋው ግን የቤት ወጪ ይናጋል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልንገራችሁ። የቱንም ያህል ጥሩ ሸራ ብትገዙ ከሥር የሚመጣውን ብርድ አያስቀርላችሁም። የመኝታ ከረጢቱ በሰውነታችሁ ክብደት ሲጨፈለቅ በውስጡ የሚይዘው አየር ስለሚወጣ ማሞቁን ያቆማል። ስለዚህ ከሃማኩ በታች፣ ከውጭ በኩል የሚንጠለጠል ወፍራም ብርድ ልብስ አለ፤ ወይም በውስጥ ፍራሽ ይነጠፋል። የሸራው ሥራ እነዚህን ከዝናብና ከነፋስ መጠበቅ ነው። ሁለቱ ካልተጋገዙ አንዱ ብቻውን አያሳድርም።

የደበቅሁት ሥራ

አዲሱን ሸራ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ ጓሯችን ውስጥ ልንፈትነው ወጣን። ልጄ አውታሩን ካስማው ላይ ለማሰር ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስት ጊዜም ረገበበት። «እስቲ አምጣው» አልኩና ገመዱን ተቀበልኩት። ገመዱ መሃል ላይ ቀለበት ሠራሁ፤ ጫፉን በካስማው አዞርኩ፤ በቀለበቱ ውስጥ አሳልፌ ወደ ታች ሳብኩት። ሸራው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጣቴ ሥራውን የጨረሰው እኔ ሳላስብበት ነው።

ልጄ ቋጠሮውን፣ ከዚያም እኔን አየ። «ይሄን የት ተማርከው?»

ለልጆቼ ሁልጊዜ «አገር ቤት በትራንስፖርት ድርጅት ውስጥ እሠራ ነበር» ነበር የምላቸው። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። እኔ የከባድ መኪና ረዳት ነበርኩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አሰብ የአገራችን ዋና ወደብ በነበረበት ጊዜ፣ በተሳቢ መኪና ጭነት ላይ ተኝቼ፣ ጎማ ቀይሬ፣ ሸራ አስሬ ነው እንጀራ የበላሁት። እዚህ ስንመጣ ብዙዎቻችን ካለፈው ታሪካችን የሚያምረውን መርጠን ለልጆቻችን እናወራለን። እኔም ልጄ አባቱን በጭነት ላይ ተቀምጦ እንዲያየው አልፈለግሁም ነበር። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ሸራውን ላላ አድርጌ የጣልኩትም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ከሱቅ የተገዛው የአሜሪካን ዕቃ የእኔን የረዳትነት እውቀት የሚፈልግ አልመሰለኝም።

ያን ቅዳሜ ግን ዝናቡ ሸራው ላይ እየወረደ፣ ከሥሩ ቆመን ነገርኩት። ከአሰብ ማዳበሪያ ወይም ስኳር ጭነን እንነሣለን። በአፋር በረሃ አልፈን ሚሌ ስንደርስ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ በሰማይ አንድ ደመና አይታይም። ዋናው ሹፌር ግን እዚያ መኪናውን አቁሞ «ውረድና ሸራውን አጥብቅ» ይለኛል። እኔ እያጉረመረምኩ እወርዳለሁ። በዚህ ፀሐይ ሸራ ምን ያደርጋል? እሱም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ፦ «ሸራ የሚታሰረው ለሚሌ አይደለም፤ ለጣርማ በር ነው።» ባቲን፣ ኮምቦልቻን አልፈን የደብረ ሲናን ዳገት ስንወጣ ጭጋጉና ዝናቡ ይቀበለናል። እዚያ ላይ፣ በብርድና በነፋስ ሸራ ልሰር የሚል ሰው ጭነቱን አበላሽቷል። የረጠበ ጆንያ ዋጋው ከረዳቱ ደመወዝ ይቆረጣል።

ልጄ አልሳቀም፤ አላዘነምም። ቋጠሮውን ፈታው፤ ገመዱንም መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «እንደገና አሳየኝ» አለ። «ቀስ ብለህ።»

ሸራውን ስትወጥሩ

ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን የጸና ሕግ አለ፦ ሸራው መጀመሪያ ይወጠራል፤ መጨረሻ ይፈታል። ከቦርሳችሁ አልጋም፣ ልብስም፣ ምግብም ከማውጣታችሁ በፊት ጣሪያችሁን ሥሩ። ጠዋትም ሁሉ ነገር ታሽጎ ካበቃ በኋላ ብቻ አፍርሱት። በዚህ መንገድ ዝናብ እየዘነበም ቢሆን ዕቃችሁ አይረጥብም።

ቦታ ስትመርጡ በመጀመሪያ ወደ ላይ ተመልከቱ። የደረቀ ዛፍ ወይም የተሰበረ ቅርንጫፍ ካለበት ሥር አትተኙ፤ በረዶ ሲጫነው ይወድቃል። የተራራ ጀርባ ነፋስ ይበዛበታል፤ የሸለቆ ወለል ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ወርዶ ይተኛበታል። ከሁለቱ መካከል ያለውን ተዳፋት ምረጡ። ለአልጋው ማሰሪያ ቢያንስ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ጠፍር ተጠቀሙ፤ ቀጭን ገመድ የዛፉን ልጥ ይቆርጣል።

አልጋው ከዛፎቹ ወደ 30 ዲግሪ ያህል ወርዶ ይንጠልጠል፤ መቀመጫውም ከወንበር ከፍታ አይብለጥ። ሸራው ከአልጋው ማሰሪያ ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ፣ ጎኖቹ ወደ መሬት ተጠግተው ይወጠሩ። በማሰሪያው ላይ፣ ሸራው ከሚሸፍነው ውስጥ፣ አጭር ክር እሰሩ። በማሰሪያው ላይ የሚወርደው ውሃ በክሩ በኩል መሬት ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ አልጋው አይገባም። ያን ሌሊት ይህች የአንድ ስንዝር ክር ብትኖረን ኖሮ!

መሬቱ በረዶ ከለበሰ ተራ ካስማ አይይዝም። አንድ ወፍራም እንጨት በአውታሩ አስራችሁ በበረዶው ውስጥ አጋድማችሁ ቅበሩት፤ በላዩ ላይ ተረማመዱ፤ እስኪጠጥርም ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁት። ከዚያ በኋላ ወጥሩ። ከመተኛታችሁ በፊትም አንድ ጊዜ ዞራችሁ አውታሮቹን ሁሉ እንደገና አጥብቁ።

ሸራውን ግን ፈጽማችሁ አትድፈኑት። ትንፋሻችሁ መውጫ ካጣ በሸራው ውስጥ ጤዛ ይሆናል፤ ይረጋል፤ ተመልሶም እናንተኑ ያረጥባችኋል። ከላይ በኩል ክፍተት ተዉለት። በተዘጋ ሸራ ውስጥም ምድጃ አታንድዱ። ቤት ዘግቶ ከሰል እያነደደ የተኛ ሰው ምን እንደሚደርስበት ባገራችን የማያውቅ የለም፤ ያው ነው። ጨርቁም ለእሳት ፈጣን ነው።

በረዶው የመጣ ሌሊት

በተከታዩ ዓመት ጥር ወር ወደዚያው ተራራ ተመለስን። በዚህ ጊዜ የደረስነው ገና ፀሐይ ሳለች ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ልጄ ቦርሳውን እንዳወረደ ሸራውን አወጣና ፈገግ ብሎ «ለጣርማ በር» አለ። በዚያ አነጋገሩ አማርኛ ውስጥ የሰማሁትን ደስታ ልገልጽላችሁ አልችልም።

ከእኩለ ሌሊት በፊት በረዶ መጣል ጀመረ። በረዶ እንደ ዝናብ ድምፅ የለውም። እኔ ምንም ሳልሰማ ተኝቼ ሳለሁ ሸራዬ እየጎበጠ፣ እየወረደ ፊቴ አጠገብ ደርሶ ነበር። የቀሰቀሰኝ የልጄ ድምፅ ነው፦ «አባዬ! ሸራህን ምታ! ከውስጥ ምታው!» በመዳፌ መታሁት። በረዶው ሸርተት እያለ ወረደ፤ ሸራውም ተመልሶ ተወጠረ። አውታሮቹ አልላሉም። ከወዲያ በኩል እሱም የራሱን ሲመታ ይሰማኛል። ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ያህል ተጠራራን። በየመሃሉም ስለ አሰብ መንገድ ይጠይቀኝ ነበር። ሹፌሩ ምን ዓይነት ሰው ነበር? ጭነት ላይ ስትተኛ አትፈራም? እናትህ ያን ሥራ እንደምትሠራ ታውቅ ነበር? በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ያልጠየቀኝን በአንድ ሌሊት ጠየቀኝ። እኔም አንዱንም ሳላሳምር መለስኩለት።

ሲነጋ ምድሩ ሁሉ ነጭ ነበር። አልጋዎቻችን ደረቅ ነበሩ። ሻያችንን ከሸራው ውጭ አፍልተን ጠጣን፤ ዕቃችንን አሸግን፤ በመጨረሻም ሸራዎቹን ፈታን። ልጄ የእኔን ቋጠሮ ሲፈታ አየሁት። ጫፉን አንድ ጊዜ ሳበው፤ ወዲያው ተተረተረለት። ጥሩ ቋጠሮ እንዲህ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል፤ ጠዋት ግን አያስቸግርም።

ውድ አንባቢያን፣ ሁላችሁም በክረምት ዛፍ ላይ ተንጠልጥላችሁ እደሩ አልላችሁም። ለመሄድ ካሰባችሁ ግን ሸራችሁን ከመግዛታችሁ በፊት ለኩት፤ ከመሄዳችሁ በፊት ጓሯችሁ ውስጥ በዝናብ ፈትኑት፤ ስትደርሱም ከሁሉ በፊት እሱን ወጥሩ። የማትሄዱትም ብትሆኑ፣ አፍራችሁበት ከልጆቻችሁ የደበቃችሁት አንድ ሥራ ካለ እስቲ መለስ ብላችሁ አስቡት። እኔ የረዳትነቴን ዓመታት አንድ ሌሊት ቀደም ብዬ ብናገር ኖሮ፣ ልጄ ያን ያህል አይንቀጠቀጥም ነበር።